የጥየቃው ብርቱካን

የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ትናንት ከሥራ ስትመለስ በቢጫ ፌስታል ብርቱካን ይዛ ገባችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አንዱ ባጃጅ ውስጥ ተጨፍልቆ ኖሮ ሽታው ወዲያው ቤቱን ሞላው። እኔ ብርቱካን አልበላም። ዘመዱ ሁሉ ያውቃል፤ «እናኑን ጨጓራዋን ያማታል» ብለው ከተዉኝ ዘመን የለውም። ጨጓራዬ ደኅና ነው። ሽታው ሲመጣብኝ ነው የማፍረው። ሰው በብርቱካን ሽታ ያፍራል ወይ ብትሉኝ፣ ይኸው እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በራሴ ቤት፣ ማንም ሳያየኝ አንገቴን እደፋለሁ።

«ለማን ነው?» አልኋት።

«ለአንዲት ባልደረባችን ነው፣ እትዬ። ታምሜያለሁ ብላ ከቀረች ሰነባበተች። ነገ ቅዳሜ አይደል፣ ተሰብስበን ልንጠይቃት ነው።»

«እግዜር ይማራት። ምኗን ነው ያመማት?»

ትዕግሥት ከንፈሯን ጣል አደረገች። «እሱን ልናይ አይደል የምንሄደው። ነጋ ጠባ የሕመም ፈቃድ ናት። እሷ ተኝታ ደመወዟን ትበላለች፣ የእሷን መስኮት ወረፋ እኛ ምሳ ሳንበላ እንሸፍናለን። ባለፈው ደግሞ ባሕር ዳር መናኸሪያ ላይ አየኋት ያለ ሰው አለ፤ ያውም አምሮባት። ድንገት ነው የምንገባባት። ከታመመች ጠየቅናት፤ ካልታመመችም አወቅናት።»

ይህን ብላ ጫማዋን ልታወልቅ ገባች። ብርቱካኑና እኔ ፊት ለፊት ቀረን።

በእኛ ጊዜ ብርቱካን እንዲህ በፌስታል የሚዘረገፍ ነገር አልነበረም። ከባሕር ዳር በጭነት መኪና ተጭኖ በዚያ ጠጠር መንገድ ሲናጥ ውሎ ደብረ ታቦር ሲደርስ ግማሹ ይበላሻል፤ የተረፈውን ባለሱቁ በጨርቅ እየወለወለ በፍሬ ነበር የሚሸጠው። የአንዱ ፍሬ ዋጋ ሻይ ከነዳቦው ያጠጣል። ታዲያ ማን በደኅና ቀን ይበላዋል? የበሽተኛና የአራስ ነበር። በወረቀት ከረጢት ብርቱካን ይዞ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ያየ ሁሉ «ማን ታመመ?» ይላል፤ መልሱን ሳይሰማም «እግዜር ይማረው» ብሎ ያልፋል። ይህቺ «እግዜር ይማርሽ» የምትባል ቃል ያኔ ቀላል ነገር አልነበረችም። አንድ ቀን ራሱን አሞት የቀረ ሠራተኛ በማግስቱ ሲመጣ፣ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ኃላፊው ድረስ ሳይላት የሚያልፍ የለም። ቃሏን ከሰሙ ወዲያ ሰው ሕመሙን አመነለት ማለት ነው፤ ተቀምጦ ሥራውን ይጀምራል።

እሠራበት የነበረውን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። ቤቱም ፈርሶ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል፤ ከሥሩ ሞባይል ይሸጡበታል። ያኔ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ኖራ የተቀባ ጭቃ ነበር። ከጉና የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ሥር እየገባ ጣታችንን ያደነዝዘዋል፤ ጠዋት ጠዋት በእስትንፋሳችን አሙቀን ነበር የጽሕፈት መኪናውን የምንነካው። ጸሐፊዎቹ እኔና የሺ ነበርን። የሺ የይፋግ ልጅ ናት፤ ከእኔ ትፈጥናለች፣ ከእኔ ታምራለች፣ እሱንም ታውቀዋለች። ፀጉሯን አፍሮ አድርጋ፣ በእጇ የሠራችውን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ፣ የተርጋል ጉርድ ቀሚሷ ሳይጨማደድ ዐሥር ገጽ ትመታለች። ስብሰባ የበዛበት ዘመን ስለነበር ቃለ ጉባኤው አያልቅም፤ አንዱን መትተን ሳንጨርስ ሌላው ይመጣል። ከፊት ለፊታችን ያለው ሻይ ቤት ካሴት ያጫውታል። ያቺ ካሴት ክሯ እየተያዘ ዘፋኙ ሲጎተትበት የሺ ከመስኮቱ ብቅ ብላ «በእስኪርቢቶ አጠንጥነው እንጂ አንተ፣ ሰውየውን ገደልኸው» ትለዋለች። እኔ እስቃለሁ። ሻይ የምንጠጣው በአንድ ብርጭቆ ነበር፤ ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እኔ። ስለዚያች ብርጭቆ ኋላ ስንት ሌሊት እንዳሰብሁ እኔ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ብርድ ነው አልሁ። ደብረ ታቦር ተቀምጦ የማይስል ማን አለ? አንድ ቀን እቀራለሁ፣ ሁለት ቀን እመጣለሁ፣ ደግሞ እቀራለሁ። በቀረሁ ቁጥር የእኔን ድርሻ የሺ ትመታለች፤ ስመለስም ሳትጠይቀኝ ሻዩን ታካፍለኛለች። ኋላ ሌሊት ሌሊት ላብ ያሰምጠኝ ጀመር፤ አክታዬም ደም ነካ። ሐኪም ቤት ሄድሁና ሳንባ ነቀርሳ ነው አሉኝ። በየቀኑ መርፌ፣ ከመርፌው ጋር እረፍት። ለመሥሪያ ቤቴ የሚሰጠው የፈቃድ ወረቀት ላይ የበሽታውን ስም አይጻፉብኝ ብዬ ሐኪሙን እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ልጅ እግር ነበር፣ አዘነልኝ፤ «ሕመምተኛ ናት፣ እረፍት ያስፈልጋታል» ብሎ ብቻ ፈረመ። እኔም ወረቀቱን በሰው እጅ ላክሁና ከቤት ተከተትሁ።

የዛሬ ልጆች «ታዲያ ምን ያሳፍራል?» ይሉ ይሆናል። ያኔ ሳንባ የገባበት ቤት የሚባል ነገር ነበር። ከዚያ ቤት ጎረቤት እሳት አይጫጫርም፣ ሴት አይወስድም። በእኛ ቤት ደግሞ ልክ በዚያ ወቅት ለታናሽ እህቴ ለአዝመራ ከአንበሳሜ ሽማግሌ መጥቶ፣ እሺ ተብሎ፣ ጥጥ እየተፈተለ ነበር። እናቴ ቀን ቀን ወተትና ቅቤ ታበላኛለች፤ ማታ አጠገቤ ቁጭ ብላ «እባክሽ ልጄ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ሳይ» ትለኛለች። ማሳል በምን ዝቅ እንደሚል እንጃ። ብቻ ተማርሁት።

አንድ ሐሙስ በምሳ ሰዓት እናቴ ደጃፍ ላይ ጌሾ ስታሰጣ ድንገት እየሮጠች ገባች። «መሥሪያ ቤትሽ መጣልሽ፤ ግቢ ጓዳ፤ እንዳትተነፍሺ» አለችኝ። ከመደቡ አንሥታ፣ ጋቢዬን ጠቅልላ፣ አበባ ከታተመበት መጋረጃ ኋላ ጨመረችኝ። ተከትለው ገቡ። በመጋረጃው ጠርዝ አያቸዋለሁ፦ ኃላፊያችን አቶ አላምረው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ የሺ የወረቀት ከረጢት ታቅፋ፣ ሌሎችም ሁለት ሦስት።

«እንዴት ነዎት፣ እማማ? እናኑን ልንጠይቅ ነው የመጣን» አለች የሺ።

እናቴ መደቡን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ውይ፣ እግራችሁን አይንሳው። እናኑማ ደኅና ናት» አለች። «ሐሙሲት ገበያ ሄዳለች። ቅቤ ልትገዛ።»

እርስ በርስ ተጠቃቀሱ። ያን መጠቃቀስ አሁንም አየዋለሁ። እናቴ ግን ምንም አልገባትም፤ ጠላ ልትቀዳ ጉድ ጉድ ትላለች። ደመወዝ እየተከፈላት የምትታመም ሰው በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ለእሷ «ልጄ ደኅና ናት» ማለት እንግዳ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው፤ አለቃ ፊት ልጇን ያስከበረች መስሏታል። ኋላ ስገሥጻት «ደኅና ናት ብል ምን ክፉ አለው?» ብላ ነው ያፈጠጠችብኝ። እውነቷን ነበር፤ ምን ብዬ ላስረዳት?

አቶ አላምረው ጉሮሮውን ጠረገ። «ደኅና መሆኗ መልካም ነው» አለ። የሺ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። ያንን የምታምር ድምፅዋን እያለሳለሰች፣ «እማማ፣ ታዲያ መቼ ትመለስልናለች? እኔ እናቴ ይፋግ ታማብኛለች። ልሂድ ብል፣ ሁለታችሁም ከቀራችሁ ማን ይሠራል፣ እናኑ እስክትመለስ ጠብቂ ተብያለሁ። እናኑ ከታመመች ምን ይደረጋል ብዬ ዝም አልሁ። ደኅና ከሆነች ግን ንገሩልኝ፤ ለአንድ ሳምንት ብቻ ትግባልኝ» አለች።

መጋረጃውን ገልጬ መውጣት ነበረብኝ። ሁለት እርምጃ አይሆንም። «የሺ፣ ይኸው አለሁ፣ ሳንባ ነው የያዘኝ፤ መግባት አልችልም እንጂ ብችል ዛሬውኑ እገባልሽ ነበር» ማለት ነው። እህቴ አዝመራ ውኃ ቀድታ በጓሮ በር ገብታ ኖሮ አጠገቤ ቆማለች፤ እንስራዋን እንኳ ከጀርባዋ አላወረደችም። ዓይን ለዓይን ተያየን። አልወጣሁም።

የሺ አንድ ብርቱካን ከከረጢቱ አውጥታ ትልጥ ጀመር። ሲጠየቅ ልማዱ ነው፤ ለበሽተኛው አንዱን ልጦ በእጅ ማጉረስ። በሽተኛ በሌለበት ለምን እንደላጠችው እንጃ፤ እጇ ለምዶ ይሆናል። «እንግዲህ የእርስዎ ይሁን» ብላ ለእናቴ ሰጠቻት። ሽታው በመጋረጃው አልፎ መጣና ጉሮሮዬን ነካኝ። ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። አልሆነልኝም፤ ሳሉ አመለጠኝ።

ይህኔ እናቴ፣ ብርቱካኑን በእጇ እንደያዘች፣ እጥፍ ብላ ትስል ገባች። እኔ ስስል ትስላለች፣ እኔ ሳቆም ታቆማለች። ዓይኗ እስኪፈስ፣ ደረቷን በእጇ እየደቃች። «ይሄ የጉና ብርድ ጨረሰኝ እኮ» አለች በመጨረሻ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «እግዜር ይማርዎ፣ እማማ» አሏት። የእኔን ምሕረት እሷ ተቀበለችው።

ከዚያ ወጡ። ከረጢቱን ጥለውት ሄዱ፤ የጥየቃ ነገር ተመልሶ አይወሰድም። እናቴ ማታ አንዱን ልጣ ሰጠችኝ። አልበላሁም፤ ከዚያ ወዲህም በልቼ አላውቅም።

ሐኪሙ «ከእንግዲህ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ሥራሽን መጀመር ትችያለሽ» ያለኝ ቀን ገባሁ። ያ ሁሉ ወተትና ቅቤ ሰውነቴ ላይ ወጥቶ፣ ጉንጬ ሞልቶ፣ የድሮ ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልዘጋ ብሎኝ ነው የገባሁት። ሳንባ ይዞት የሚታከም ሰው እንዲህ እንደሚወፍር የሚያውቅ ያውቃል፤ እነሱ ግን ምን ይወቁ። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ሐሙሲት ተስማምቶሻል» አለ። ወረቀቱን ለሐኪሙ ቅቤ ወስጄ እንዳሠራሁት ሲወራ ሰንብቷል ለካ። ከበሩ እስከ ወንበሬ ድረስ አንድም ሰው እግዜር ይማርሽ አላለኝም። ኃላፊውም አላለኝም። ወረቀት ስላለኝ ደመወዜ አልተነካ፣ ማስጠንቀቂያ አልተጻፈብኝ፤ ማንም በደለኝ ልል አልችልም። ብቻ እንዲያ ያለ ብርድ በዚያ ቤት ውስጥ በርዶኝ አያውቅም።

የሺ ጥቁር ለብሳለች። አረንጓዴው ሹራብ የለም፤ አፍሮውም ተላጭቷል። እናቷ አርፋለች። አልደረሰችባትም፤ ይፋግ የገባችው ከተቀበረች በኋላ ነው። የተከራየችበት ቤት ለቅሶ ልደርስ ሄጄ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ሰው ሲቀልል ጠጋ ብዬ «እግዜር ያጽናሽ» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። «ገበያው እንዴት ነበር?» አለችኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። የአዝመራ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። «ደኅና ነበር» አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ባንድ ክፍል ጀርባ ተሰጣጥተን ስንት ዓመት መታን። ሻዩ ሁለት ብርጭቆ ሆነ። ካሴቷ ክሯ ሲያዝ ማንም በመስኮት ብቅ አይልም። ኋላ እሷ ወደ ወረታ ተዛወረች፤ ስትሄድ ሁሉን ሰው ዞራ ስትስም እኔ የማባዣ ስቴንስል ልቀበል ብዬ ወጣሁ። አዝመራ ግን ተዳረች፣ ወለደች፣ ከበደች። ሰባት ልጅ ወለደች፤ የመጨረሻዋ ትዕግሥት ናት፣ ይቺ ብርቱካን የገዛችው። እንግዲህ ውሸቱን ልራገም ብል እንኳ ይቺን ልጅ ይዤ እንዴት አድርጌ እራገመዋለሁ?

የዛሬ አራት አምስት ዓመት ዓይኔን ልታይ ባሕር ዳር ሄጄ ስመለስ ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። የገበያ ቀን ነበር፤ ዶሮና ማዳበሪያ ጆንያ ሲጭኑ ቆዩ። አንዲት ሽበታም ሴትዮ ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እጇን አየሁት፤ ያ ቁልፍ የሚመታ ረጅም ጣት። «የሺ» አልኋት። አገላብጣ ሳመችኝ። ስለ ልጆች ተጠያየቅን፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ ጉልበት ሕመም። ይፋግ ልትሄድ ነው፤ ወረታ ላይ ትወርዳለች። ወረታ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

«የሺ፣ ልትጠይቁኝ የመጣችሁ ዕለት ቤት ነበርሁ» አልኋት። «ከመጋረጃው ኋላ። ሳንባ ነበር የያዘኝ። እህቴ ልትዳር ስለነበር ደበቁኝ። እኔም ተደበቅሁ።»

ዞራ አላየችኝም። በመስኮቱ የፎገራን ሩዝ ታያለች።

«ሳሉ የእናትሽ አልነበረማ» አለች።

«አልነበረም።»

«እኔ እኮ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሳዝንላት ነበር።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ቆይታ፣ «ብትነግሪኝም እናቴን አልደርስባትም ነበር» አለች። «ሥራው ያው ነው፣ አይለቁኝም። አንቺን ግን ባልጠላሁሽ። ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም እኮ፣ እናኑ። ሁለቱንም ባንድ ወር አጣሁ።»

እጇን ያዝሁ፤ አልነጠቀችኝም፣ አልጨበጠችኝምም። ረዳቱ «ወረታ ወራጅ» ሲል ተነሣች። እግዜር ይማርሽ እንድትለኝ ጠበቅሁ። ይህን ሁሉ በድያት፣ በዚህ ዕድሜ፣ አሁንም ከእሷ የምፈልገው ነገር አለኝ፤ ለዚህ ነው ራሴን የምጠየፈው። «ደኅና ግቢ» ብላኝ ወረደች። ስልኳን እንኳ አልተቀበልሁ።

ዛሬ ጠዋት ትዕግሥት ፀጉሯን ተተኩሳ፣ ሽቶ ተቀብታ፣ ብርቱካኑን ወደ ፌስታሉ ስትመልስ ጠራኋት። ይህን ሁሉ ነገርኋት። የእናቷን ሠርግ ስጠራ ብርቱካኑን መልቀም አቆመች።

«አሁን ስትሄዱ» አልኋት፣ «ልጅቷ በእውነት ገበያ ሄዳም ይሆናል፤ እኔ አላውቃትም። ነገር ግን እናትየው ብቅ ብላ ደኅና ናት፣ የለችም ካለቻችሁ እርስ በርስ እንዳትጠቃቀሱ። ስትወጪ ወደ ጓዳው ዞር በይና ጮክ ብለሽ እግዜር ይማርሽ በይ።»

«ማንም ከሌለስ፣ እትዬ?»

«ከሌለማ ምን ጎደለብሽ?»

ፌስታሉን ቋጠረች። እኔም ፊቴን እንዳታይብኝ ነጠላዬን ላመጣ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ፣ የውጭው በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ እርምጃዋ ቆመ።

«እትዬ» አለች ጮክ ብላ፣ «እግዜር ይማርዎ።»

መውጣት ነበረብኝ። መጋረጃውን ይዤ ቆሜ፣ ከዚያው ሆኜ «አሜን» አልሁ።